የክብርት ደሃቦ ጭብጨባ

አዳራሽ በተሠራበት ከተማ ሁሉ፣ ሳይጠሩት መጥቶ ወለሉ መሃል ቆሞ አንዴ የሚያጨበጭብ ሰው አይጠፋም። የጅግጅጋዋ ክብርት ደሃቦ ናቸው። ሥራቸው ለሠርግ መጋረጃና ምንጣፍ ማከራየት ነው፤ ሥልጣናቸው ግን ከዚያ በላይ ነው። አንዴ ጧ ያደርጉና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ድምፁ እየተመላለሰ ካስቸገረ፣ “ይሄ ክፍል አፍ አለው” ይላሉ። አለቀ፤ ይግባኝ የለም።

ኢንጂነር የኋላሸት ይህን ሲሰማ ሆዱ ይቃጠላል። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የድምፅን ነገር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረው እሱ፣ በኮምፒውተር የሚያሰላው እሱ፣ ሰው የሚያምነው ግን ደሃቦን።

ሸደር ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ድምፅ እየተደበላለቀ፣ ተራ ጠሪዋ አንድ ስም ስትጠራ ሦስት ሰው ይነሳ ነበር። የኋላሸት አሥራ አራት ገጽ ጥናት ጻፈ። ደሃቦ ጣሪያው ሥር ወፍራም ምንጣፍ አንጠልጥለው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ የተጠራው ብቻ ይነሳል። ጥናቱን እስካሁን ያነበበው የለም። ሀርሺን ላይ ደግሞ ጄኔሬተሩን ከስብሰባ ቤቱ መስኮት ሥር አስነስተው ከግንቡ ጀርባ ቢያስቀምጡት፣ ሽማግሌው ሁሉ መረቃቸው። ኩራታቸውስ? የትም ቢቀመጡ ሰው በቀኛቸው ይሁን ባይ ናቸው፤ ሹመኛም ቢሆን በግራ አያስቀምጡም። “ንግሥት ናት እንዴ?” ይል ነበር የኋላሸት በሆዱ።

አምና የሕይወቱን ሥራ ጨረሰ፤ ስምንት መቶ ሰው የሚይዝ አዳራሽ። የባጃጅ ጩኸት እንዳይገባ መስኮቱን ድርብ መስታወት አደረገው፤ ኮርኒሱን ድምፅ በሚመጥ ሰሌዳ ሸፈነው። ከመድረኩ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ግን እስከ ላይ እብነ በረድ አለበሰው፤ መሃሉ ላይ የራሱ ስም በወርቃማ ቀለም ተቀርጿል። በርክክቡ ቀን የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዐብዲራሺድ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

“ደሃቦ ሳትሰማው አልፈርምም” አለ።

መጡ። አጨበጨቡ። አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

“ይሄ ክፍል አፍ አለው። አፉም ያ ነው” ብለው እብነ በረዱን ጠቆሙ። “በወፍራም መጋረጃ ይሸፈን።”

የኋላሸት ያውቀዋል። የገዛ ስሌቱም ያንኑ ብሎት ነበር፤ ስሙን ከዚያ ለማንሳት አንጀቱ እምቢ ስላለው ነው ዝም ያለው። አሁንም አልቻለም። በግራቸው ተጠግቶ፣ “መጋረጃዎን ለማከራየት ነው አይደል?” አላቸው። ደሃቦ ዞር ሳይሉ ግድግዳውን ማየት ቀጠሉ። ንቀት መሰለውና ደገመው። እሳቸው የግድግዳውን ስፋት በእርምጃ መለካት ጀመሩ።

“በቀኟ በኩል ዞረህ ንገራት” አለው ዐብዲራሺድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ግራ ጆሮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ አይሰማም። ድምፅ የሚመላለስበት ቤት ውስጥ ሰው የሚላት አይገባትም፤ ወላሂ፣ ለዚህ ነው የምታጨበጭበው።”

የኋላሸት ስድስት ዓመት ሙሉ የቀናው በአንድ ጆሮ ኖሯል። እሱ ሁለት ይዞ እንደዚያ አዳምጦ አያውቅም። ዞሮ በቀኛቸው ቆመ።

“መጋረጃው ምን ያህል ይወፍር?” አላቸው።

“ስምህ ይሸፈናል እኮ፣ ኢንጂነር።”

“ይሸፈን።”

ዛሬ እዚያ አዳራሽ ስብሰባ ሲኖር የኋላሸት ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። በደሃቦ ቀኝ ያለውን ወንበር ሌላ ሰው ይዞ ካገኘው ግን ሆዱ ይቃጠላል።