ብርድ ያየ ጫጩት

(የጫጩት መፈልፈያ ክፍል። ሁለት የመፈልፈያ ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በየፊታቸው አንድ አንድ ሣጥን ጫጩት። የአንደኛው ማሽን ጫጩቶች ይራወጣሉ፤ የሁለተኛው ክንፋቸውን ጥለው ዓይናቸው ያነባል። ሦስት ቀን ሠልጥኖ «ፈላስፋው» የተባለው የክፍሉ ኃላፊ ከጠራጊው ከእንቅልፌ ጋር ስለ አንዲት ፍራሽ ተያይዟል።)

ፈላስፋው፦ አንሣት ብዬሃለሁ! እትዬ ጫጩታቸውን ሊያዩ አሁን ይደርሳሉ።

እንቅልፌ፦ ከማሽኑ ጀርባ ናት'ኮ ጋሼ፤ ማን ያያታል?

ፈላስፋው፦ በሽተኛ ጫጩት ካዩ ዛሬውኑ አንዳችንን ያባርራሉ። ማንን ይመስልሃል?

እንቅልፌ፦ (እያዛጋ) ጫጩቱን?

ፈላስፋው፦ አንተን! አንደኛውን ማሽን እኔ፣ ሁለተኛውን እንቅልፌ ይዞት ነበር ብያቸዋለሁ።

እንቅልፌ፦ እኔ ከመጥረጊያ ሌላ ምን ይዤ አውቃለሁ?

ፈላስፋው፦ ለሳይንስ መሥዋዕት ያስፈልጋል፤ ክብር ነው ለአንተ። ዓሣ በለው ኤሊ፣ ዶሮ በለው ዳክዬ፣ እንቁላል ውስጥ ሳለ ያገኘው ሙቀትና ብርድ ሲያድግ በሽታ የመቋቋም አቅሙን ይነካዋል። መጽሐፉ ላይ አለ።

እንቅልፌ፦ የፈጣሪ ሥራ! ታዲያ የሚበጀው ሙቀቱ ነው ብርዱ?

ፈላስፋው፦ እዚያ ገጽ ገና አልደረስኩም። ግን ብርድ ሳያይ የጠነከረ ማን አለ? ስለዚህ ሁልጊዜ ለምሳ ስወጣ የሁለቱንም ሙቀት ቀንሼ እሄድ ነበር።

እንቅልፌ፦ አሃ! አንተ ነበርክ?

ፈላስፋው፦ (ደብተሩን ገልጦ) አድምጥ። «አንደኛው ማሽን፦ በቀነስኩ ቁጥር ተመልሶ ይሞቃል። ፅንሶቹ ከጥንካሬያቸው ብዛት ማሽኑን ራሱን ያሞቁታል።»

እንቅልፌ፦ ሁለተኛውስ?

ፈላስፋው፦ «እንደቀዘቀዘ ይቀራል። ሰነፎች ናቸው።»

እንቅልፌ፦ ጋሼ፣ እንዳትቆጣ እንጂ... ከምሳ በኋላ ጀርባዬን አንደኛው ማሽን ላይ አስደግፌ ነው ሸለብ የማደርገው። ሲበርደኝ የሙቀቱን ቁልፍ ወደ ነበረበት እመልሰዋለሁ።

ፈላስፋው፦ (ደብተሩ ከእጁ ወደቀ) በየቀኑ?

እንቅልፌ፦ ሃያ አንዱንም ቀን።

ፈላስፋው፦ ሁለተኛውንስ ምነው ዝም አልከው?

እንቅልፌ፦ ያለኝ ጀርባ አንድ ነዋ!

(ስልክ ይጠራል። ፈላስፋው የእትዬን ቁጥር አይቶ ስልኩን ለእንቅልፌ ያቀብላል።)

እንቅልፌ፦ አቤት እትዬ... ተመስገን፣ ደኅና ነን... አንደኛው? እሱማ እኔ የተኛሁበት ነው... አይ፣ ሁለተኛው ጋሼ ብርድ ያስተማረው ነው... ኧረ በፈጣሪ! ልጆች አሉት እትዬ... እሺ። እሺ። (ይዘጋል)

ፈላስፋው፦ ምን አሉ? ተባረርኩ?

እንቅልፌ፦ ለምኜ አስቀርቼሃለሁ። ፍራሿ ከሁለቱ ማሽኖች መሀል ትነጠፍ ብለዋል።

ፈላስፋው፦ የእኔስ ሥራ?

እንቅልፌ፦ (ፍራሿ ላይ ጋደም ብሎ) መጽሐፉን እያነበብክልኝ ታስተኛኛለህ። እዚያች ገጽ ስትደርስ ብቻ ቀስቅሰኝ።