በፍልሰታ ጥብስ ያዘዘው ጓድ

ከነጋዴ ሁሉ ሞኙ የሚጾም ባለ ምግብ ቤት ነው። ይኸው እኔ አለሁላችሁ።

በደርግ ጊዜ ቆላው ሸሕዲ ከተማ፣ መኪና መቆሚያው አጠገብ፣ ልጆቼን የማሳድግባት ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችኝ። በጾም ሥጋ አልሠራም። ለሰሊጥ አረም ከደጋ የሚወርዱት ሠራተኞች ይህን ስለሚያውቁ ሽሯቸውን በልተው፣ መርቀውኝ ይሄዳሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ከምርቃቱ ጋር ይከፍሉም ነበር።

አንድ ዓመት በፍልሰታ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ አንድ ካድሬ ገባ። ላንድሮቨሩን ጭቃ ይዞበት ሲገፋ ያረፈደ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጠቁሯል። ተቀመጠና ጥብስ አዘዘ።

ጾም መሆኑን ነገርኩት። አብዮቱ እንደማይጾም በሰፊው አስረዳኝ። ሲያስረዳ ተነሥቶ ቆመ፤ እሱ ሲቆም ሠራተኞቹ ማኘክ አቆሙ። ሽሮ ላቅርብልዎ አልኩት። በአጉል እምነት ሕዝብን አላገለግልም የሚል ቤት ይታሸጋል አለኝ።

«ጥብስ ታቀርቢያለሽ ወይስ ላሽገው?»

ልጆቼን አሰብኩ። እመቤቴንም አሰብኩ።

«ያሽጉት፣ ጓድ። ብቻ ሽሮው እንዳያርብኝ አስቀድሜ ላውርደው።»

ከምሳ በኋላ ተመልሶ እንደሚያሽገው ነግሮኝ፣ ከመንገዱ ማዶ ወደ ሐጂ እድሪስ ምግብ ቤት ተሻገረ። ሐጂ ደግ ጎረቤቴ ናቸው፤ እንደ ደንቡ ሥጋው የእስላም መሆኑን አስቀድመው ነገሩት። እሱም ሃይማኖት የለኝም ብሎ አዘዘ። ጥብሱ ሲንጫጫ እኔ ድረስ ይሰማል። እኔ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ… እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ብዙም ሳይቆይ ካድሬው መጣ። ጥግ ይዞ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሽሮ ጠየቀኝ። ሐጂ ሳህኑን እንደያዙ ተከትለውት ገቡ። ጥብሱ እንዳለ ነው።

«ልጄ፣ ሃይማኖት የለኝም አላልከኝም?»

ካድሬው ጭቃውን ከሱሪው ላይ ፈቀፈቀ።

«የለኝም፣ ሐጂ። እናት ግን አለችኝ።»

ሐጂ አልተቀየሙም። «እናትስ እኔም ነበረችኝ» ብለው ሳህናቸውን ይዘው ተመለሱ።

ሽሮውን ጨመር አድርጌ አቀረብኩለት። ጥርግ አድርጎ በላ። ስለ ማሸግ አላነሳም፤ እኔም አላስታወስኩትም።

ያቺን ሴት አላውቃትም። እስከ ዛሬ ግን በጸሎቴ አነሳታለሁ። ስሟን ስለማላውቀው «የጓዱ እናት» እላለሁ። እመቤቴ ማንን እንደምል ታውቃለች።