የበጉ ግራ የማን ግራ ነው?

[የፋሲካ ቀትር፣ ግሪክ አገር ሊቫዲያ ከተማ አጠገብ ባለች መንደር። ስታማቲስ በእህቱ ግቢ ፍም ላይ የተጋደመውን የኮኮሬጺ ዘንግ ያዞራል፤ በአንጀት የተጠቀለለው ጉበትና ሳንባ ስቡ ይንጠባጠባል። የእህቱ ባል ትራሲቮሎስ፣ ባለፈው ወር ልቡን ታክሞ የወጣ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ቢላ ይዞ ይዞረዋል።]

ትራሲቮሎስ፦ ጫፏን! ጫፏን ብቻ!

ስታማቲስ፦ አይሆንም አልኩህ እኮ።

ትራሲቮሎስ፦ ዘንግ የሚያዞር ሰው ይቀምሳል። የአባቶቻችን ደንብ ነው።

ስታማቲስ፦ [እያኘከ] ማን እምቢ አለ? እያዞርኩ እየቀመስኩ ነው። አንተ ግን ቆመሃል።

ትራሲቮሎስ፦ ዞር በልና ላዙራ!

ስታማቲስ፦ ሐኪሙ ስብ በዓይንህም እንዳታይ ብሎሃል።

ትራሲቮሎስ፦ እሱ ያለው የልቡ ቧንቧ ለተዘጋበት ሰው ነው። የኔ ተከፍቷል! ውስጡ የሽቦ መረብ ገብቶለት ከጎረምሳ ልብ ይሻላል።

ስታማቲስ፦ እኔ መቼም አይገባኝም። ልብ እኮ ደም ሞልቶታል። ደም ሞልቶት እንዴት ደም ያጥረዋል?

[ትራሲቮሎስ ቢላውን ዝቅ ያደርጋል። ፊቱ ይበራል።]

ትራሲቮሎስ፦ አየህ አለማወቅን! ያንን ልብ ወዲህ በል።

[ዘንጉ ስለሞላ ከታረዱት ሁለት በጎች የአንዱ ልብ ሳህን ላይ ተርፏል። ስታማቲስ ያቀብለዋል።]

ትራሲቮሎስ፦ አራት ክፍል አለው፤ ሁለት ላይ፣ ሁለት ታች። ደሙ በውስጡ ያልፋል እንጂ ሥጋውን አይመግበውም። አስተናጋጅ አይተህ አታውቅም? እጁ ሳህን በሳህን፣ ሆዱ ባዶ!

ስታማቲስ፦ ታዲያ አስተናጋጁ የት ይበላል?

ትራሲቮሎስ፦ ጎሽ! በውጭ በኩል! ትልቁ ደም ቅዳ ከልብ ሲወጣ፣ ገና ከሥሩ ሁለት ቧንቧዎች ያወጣል። ልብን እንደ ዘውድ ከበውት ወደ ሥጋው ይገባሉ። ይሄኛው ግራው ነው።

ስታማቲስ፦ ይሄማ ቀኝ ነው።

ትራሲቮሎስ፦ ግራ ነው!

ስታማቲስ፦ በቀኝ እጄ በኩል እኮ ነው ያለው።

ትራሲቮሎስ፦ ያንተን እጅ ማን ጠየቀህ? የበጉ ግራ!

ስታማቲስ፦ በጉ የታለ?

ትራሲቮሎስ፦ ያውልህ፣ እዚያ ማዶ እየተጠበሰ!

ስታማቲስ፦ እሱማ ይሽከረከራል። ግራው የቱ እንደሆነ በምን ልለየው? ይልቅ አንተ በግ ሁንልኝ። ወደ አጥሩ ዞረህ ቁምና ልቡን ደረትህ ላይ ያዘው።

[ትራሲቮሎስ ጀርባውን ለእሳቱ ሰጥቶ ይቆማል። አንድ ጎረቤት ሳህን ይዞ ከች ይላል፤ ስታማቲስ ድምፅ ሳያሰማ ከዘንጉ ቆርጦ ይሰጠዋል።]

ትራሲቮሎስ፦ አሁንስ ገባህ?

ስታማቲስ፦ ገባኝ። ለሁለት የሚከፈለው የግራው ነው፣ አይደል?

ትራሲቮሎስ፦ ገና መች ነገርኩህ?

ስታማቲስ፦ እ... ገምቼ ነው።

ትራሲቮሎስ፦ አትገምት፣ ስማ! ግራው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በፊት ለፊት ቁልቁል ይወርዳል፣ ሌላው ዞሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። የኔ የተዘጋው የፊት ለፊቱ ነው። ዋናው! ተራ ቧንቧ እንዳይመስልህ።

ስታማቲስ፦ እንኳን ደስ አለህ። ታዲያ ይሄ ቀኙ ነው ማለት ነው?

ትራሲቮሎስ፦ ግራው!! አምላኬ! ከመጀመሪያው ልጀምርልህ?

ስታማቲስ፦ ውለታህን አልረሳም።

[ትራሲቮሎስ ልቡን እየሰነጠቀ፣ «ይሄ ደግሞ የቀኙ» እያለ በጣቱ እየጠቆመ እንደገና ይጀምራል። ከጀርባው ጎረቤቶች ተራ በተራ ይመጣሉ። ኤቫንትያ፣ የገዛ ሚስቱ፣ በጣቷ «ቀጥል፣ ቀጥል» ብላ ለወንድሟ ትጠቅሳለች።]

ትራሲቮሎስ፦ ...ስለዚህ ቧንቧው ክፍት ከሆነ ልብ ይመገባል። ልቤ ከተመገበ እኔም እመገባለሁ። ተረጋገጠ። ቁረጥልኝ!

ስታማቲስ፦ ከምኑ?

[ትራሲቮሎስ ይዞራል። ዘንጉ ባዶውን ይሽከረከራል።]

ትራሲቮሎስ፦ ማን በላው?

ስታማቲስ፦ መንደሩ። ክርስቶስ ተንሥቷል ብለዋል።

ትራሲቮሎስ፦ አንተ ደንቆሮ! ለምን አልነገርከኝም?

ስታማቲስ፦ ጥያቄ ላይ ነበርኩ። ኤቫንትያ «ግራና ቀኙን አምታታበት፣ እስኪመሽ ይቆምልሃል» ብላኛለች።

ትራሲቮሎስ፦ ሴራ ነዋ!

ስታማቲስ፦ አዎ፣ ሴራ ነው። ያን ቀን ወደ ሆስፒታል ስወስድህ ላብ አጥምቆህ «ጨጓራዬ ነው፣ አንተ ማርሽህን ቀይር» ትለኝ ነበር። እኔ እያለቀስኩ ነበር የምነዳው። መንገዱ አይታየኝም ነበር። ያንን ዳግመኛ አልችለውም፣ ትራሲቮሎስ።



ትራሲቮሎስ፦ ስታለቅስ አላየሁህም።

ስታማቲስ፦ የት ታያለህ? ማርሹን ነበር የምታየው።

ትራሲቮሎስ፦ ቢሆንም ያሳዝናል። ይሄን ሁሉ ደክሜ ግራና ቀኙን ሳትለይ ቀረህ።

ስታማቲስ፦ [የተቆራረጠውን ልብ ያገጣጥማል] ትልቁ ደም ቅዳ። የግራው። ይሄ በፊት ይወርዳል፤ ያንተ የተዘጋው እዚህች ጋ ነበር። ይሄ ዞሮ ይሄዳል። ይሄ የቀኙ። ቅድም የቀኙ ነው ብለህ ያሳየኸኝ ደግሞ ስብ ነው።

ትራሲቮሎስ፦ ታዲያ እያወቅክ ነው እንዲህ የምታስደጋግመኝ?

ስታማቲስ፦ ምን ላድርግ፣ ስትደግመው ያምርብሃል። በል፣ ሰላጣህን ብላ።