መጀመሪያ ይጣራ

ሰው «ድረሱልኝ!» ሲል «መጀመሪያ ይጣራ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንዲህ ያለውን ሰው አላምነውም።

ባለፈው ከማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ገበያ፣ ታጣቂ ቢተኩስ አምቡላንስና እሳት አደጋ እንዴት እንደሚገቡ ልምምድ ነበር። እኔ ቁስለኛ ሆኜ ተጋደምኩ። ደንቡ ፖሊስ ቦታውን ሳያጣራ ሐኪም አይገባም ይላል። ፖሊሶቹ ደግሞ፣ «ብንመታስ ማን ያነሣናል? አምቡላንሱ ይቅደም» አሉ።

ፀሐዩ አናቴን ሲበሳው ተነሥቼ፣ «ኧረ ግቡ፣ ማንም የለም!» አልኳቸው።

«ቁስለኛ ተነሥቶ ይጣራል እንዴ? ተኳሹ እሱ ነው!» ብለው ፖሊሶቹ ተረባረቡብኝ። ክንዴ ቋ ብሎ ተሰበረ። ይህ እንኳ ልምምድ አልነበረም።

«የሐኪም ያለህ!» ብዬ ብጮህ፣ የአምቡላንሱ ነርስ ከገበያው ግንብ ጀርባ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ተኳሹ መያዙ ተጣርቷል?» አለኝ።