የካሚዮኑ እልፍኝ አስከልካይ

ሌባ የሌለበት መንደር የለም፤ ሰውን የሚያስመርረው ግን ሌባው ሳይሆን ሌባ ጠባቂው ነው። ሌባ ቢበዛ በዓመት አንዴ ይመጣብሃል። ጠባቂው ግን ጧት ማታ እንደ ሌባ ያይሃል።

የእኛው ጠባቂ አያ ዳኘው ነበሩ። እኔ በልቤ “እልፍኝ አስከልካይ ዳኘው” እላቸዋለሁ፤ ሹመቱን የሰጣቸው ንጉሥ ባይኖርም። የሚያስከለክሉት እልፍኝም የአንድ ጣልያን መሐንዲስ ካሚዮን ነበር።

ነገሩ የሆነው በጠላት ዘመን በመጨረሻው ክረምት፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደራችን ነው። መሐንዲሱ በርና መስኮት ያለው፣ አልጋና ምድጃ የተሠራለት ካሚዮን ነበረው። የሚተኛውም የሚበላውም እዚያው ነው፤ ጎማ ያለው ቤት በሉት። ይኸው ቤት ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ አልነቃነቅ ሲለው መሐንዲሱ በበቅሎ ወደ ቡሬ ሄደ። ሲሄድም በአስተርጓሚው አፍ “አንዲት ሚስማር ብትጎድል መንደሩን አቃጥላለሁ” አለን። አገር ሊሰርቅ የመጣ ሰው ስለ ሚስማር ሲያስጠነቅቀን!

ሁላችንም በንዴት ስናጉረመርም አያ ዳኘው ብድግ አሉ። “እኔ እጠብቃለሁ” አሉ።

ጠበቁ እንጂ! ዙሪያውን በቀጋ እሾህ አጠሩት። ከሽንዲ የመጣ ነጋዴ በቅሎውን ሊያሳርፍ አጠገቡ ቢቆም እጁን አስዘርግተው ፈተሹት። ባለቤቴ እማዋይሽ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ቀና ብላ ብታይ “ምን ታያለሽ? ዓይንም ይሰርቃል!” አሏት። እማዋይሽን! የጎረቤት ዶሮ እንኳ ጓሮዋ ብትገባ ሸኝታ የምትመልሰውን ሴት!

አንድ ቀን ደግሞ ከካሚዮኑ በር ላይ የተንጠለጠለው ፋኖስ ጠፋ ተብሎ ለአውጫጭኝ ተጠራን። ሌባው ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም ተባለ። መንደሩ በሙሉ ዝናብ እየወረደበት ሲምልና ሲገዘት ከዋለ በኋላ ፋኖሱ አያ ዳኘው አልጋ ሥር ተገኘ። እንዳይሰረቅ ብለው ራሳቸው ደብቀውት ረስተውት ኖሯል። ይቅርታ ጠየቁን? “ደኅና ቦታ ነው የነበረው” አሉ።

ይህም አልበቃቸውም። አዛውንቱን ቄስ አባ ንብረትን አምጥተው ካሚዮኑን አስገዘቱ።

“ይህን በር የከፈተ፣ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ይቅር እስኪለው ድረስ በሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ ሊቃውንት የተገዘተ ይሁን” አሉ አባ።

“እኔንም ይጨምሩኝ” አሉ አያ ዳኘው።

“አንተማ ጠባቂው አይደለህ?”

“ሰው ዳኘው ለራሱ አደላ እንዲል ነው? ይጨምሩኝ እንጂ!”

ተጨመሩ።

መስከረም ሲጠባ ልጄ ጌጥነሽ በንዳድ ወደቀች። ሰውነቷ እሳት ሆነ፤ እኔንም መለየት አቃታት። መሐንዲሱ ለበቅሎ ጫኙ ኪኒን ሰጥቶት ሰውየው ሲድን አይተናል፤ ኪኒኑም ያለው ካሚዮኑ ውስጥ ነው። ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

“አያ ዳኘው፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው። ይክፈቱልኝ።”

“ግዝት ነው።”

“እንግዲያው እኔ ልክፈተው፣ እኔ ልገዘት!”

“ንካውና እይ!” ብለው ዱላቸውን አነሡ።

ባንዳ አልኋቸው። ሌላም ብዙ አልሁ። ለጠላት ሚስማር ተብሎ የልጄ ነፍስ! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ቤቴ ገብቼ ልጄን ታቅፌ ተቀመጥሁ።

ብዙም ሳይቆይ “ቤቶች!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። አያ ዳኘው ናቸው፤ የኪኒኑን ጠርሙስ በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘዋል።

“ከፈትሁት” አሉ። “አንተ ልጅ አለህ፤ ግዝት ወደ ልጅ ይሻገራል። እኔ ማን አለኝ?”

ጌጥነሽ ዳነች። መሐንዲሱም ሳይመለስ ቀረ፤ በጋው ሳያልቅ ጣልያን ቡሬን ለቆ ሄደና መንደሩ እልል አለ። አያ ዳኘው ብቻ አንገታቸውን ደፉ። ባለቤቱ ካልመጣ ማን ይቅር ይበላቸው? በመላው ጎጃም አንድ ጣልያን ተመልሶ እንዲመጣ የተመኙ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። አባ ንብረትም ዐርፈዋል። ሌላ ቄስ ይፍታዎት ብንላቸው “አባ የቆለፉትን በሌላ ሰው ቁልፍ መክፈት ሌብነት ነው” ብለው ተቆጡን።

ይኸው እስከ ዛሬ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ። ልጄ ውስጥ ትቆርባለች፣ እሳቸው ውጭ ዝናብ ይመታቸዋል። ይህ ነው አንጀቴን የሚያሳርረው። ባለፈው እሑድ አላስችል ቢለኝ ወጥቼ አጠገባቸው ቆምሁ።

“አያ ዳኘው፣ ኪኒኑን የዋጠችው የእኔ ልጅ ናት። ግዝቱን እንካፈለው” አልኋቸው።

ከላይ እስከ ታች ገላመጡኝ። “ግዝቱ የእኔ ነው። እጅህን ሰብስብ!” አሉ።

ወደ ውስጥ አልተመለስሁም። ቅዳሴው እስኪያልቅ አብሬያቸው ቆምሁ፤ እሳቸውም እጄን ሲጠብቁ አረፈዱ።