ባለ ሁለት መታወቂያው ጎረቤቴ

መንገዱን የዘጋው ማን እንደሆነ ሳይለይ፣ ከሰበታውና ከአዲስ አበባው መታወቂያ ቀድሞ የሚመዘዘው የትኛው ነው? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም።

ባለ ሁለት መታወቂያ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ ኦቦ ደቻሳ የሰበታውን ያወጡት ለመሬታቸው፣ የአዲስ አበባውን ለሥራቸው ነበር። የማስተር ፕላኑ ግርግር ሲመጣ ሁለቱም ለነፍስ ሆኑ። ማንበብ ስለማይችሉ የሰበታውን በቀኝ፣ የአዲስ አበባውን በግራ ኪሳቸው ይይዛሉ። ከብዙ ቢሮ የተሻለ አሠራር ነው፤ ባለቤታቸው ኮቱን አጥበው ሁለቱንም አንድ ኪስ ውስጥ እስኪመልሷቸው ድረስ።

በዚያ ሰሞን ከሰበታ ስንመጣ፣ ዓለም ገና ላይ ሚኒባሳችንን ድንጋይና የጎማ ጭስ አስቆመው። ኦቦ ደቻሳ ሁለቱንም ከአንድ ኪስ አወጡና፣ «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ የትኛው ያወጣኛል?» አሉኝ በሹክሹክታ። ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው፤ እዚያም ቢሆን እንዲህ ያለ ፈተና አልገጠመኝም። ሁለቱንም መጽሐፌ ውስጥ ሸጎጥኩ። በሩን የከፈተው ጎረምሳ «መታወቂያ!» ብሎ ሲያፈጥባቸው፣ «አባቴ ናቸው፤ መታወቂያቸውን ረስተው ነው» አልኩ። አለፍን።

ከዚያ ወዲህ ለሰፈሩ ሁሉ «እሷ ታውቃለች» እያሉ ያወሩልኝ ጀመር።

ሬዲዮው ለእያንዳንዱ ዜጋ አንድ የመታወቂያ ቁጥር ብቻ ሊሰጠው ነው ያለ ዕለት ቤቴ መጡ። «አንድ ብቻ ከሆነ፣ እሱን የማይወድ ሰው መንገድ ላይ ቢገጥመኝስ? አንቺ ታውቂያለሽ።»

ያኔ ነገርኳቸው። «ያን ቀንም አላወቅሁም፣ ኦቦ። ፈርቼ ነው የደበቅኋቸው።»

«እኔ እኮ ያልፈራሁት፣ አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነው» አሉ።