ሊቀ ብረት ሰብስቤ በሰው እሳት ላይ

አዲስ ነገር ያገኘ ሰው ጎረቤት አይሁንብህ። ሌባ ቢሆን በርህን ትዘጋበታለህ፣ ሰካራም ቢሆን ስካሩ እስኪበርድለት ትታገሠዋለህ፤ ለዚህኛው ግን እስከ ዛሬ መላ አልተገኘለትም። እሱ ያገኘውን አንተም እስክታገኝ፣ አግኝተህም እሱ በሚያሞግስበት ቃል እስክታሞግስ ድረስ እንቅልፍ የለውም፤ አንተም አትተኛም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በጣልያን ጊዜ ለኮልፌ የደረሷት አቶ ሰብስቤ ነበሩ፤ ያገኙትም ነገር ዝርግ ብረት ነው።

ብረቱ የተገኘው በአስኮ መንገድ ላይ ከተገለበጠ የጣልያን ካሚዮን ነው። ሾፌሩ በሌላ መኪና ተሳፍሮ ሲሄድ የሰፈሩ ሰው ወጥቶ የሚፈታውን ፈታ። አንዱ ለጫማ የሚሆን ጎማ፣ ሌላው ለበር የሚሆን ሳንቃ ሲወስድ፣ አቶ ሰብስቤ የካሚዮኑን ወለል ብረት በሁለት ሰው አሸክመው ገቡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በመዶሻ ሲያቃኑት ኮልፌ ውስጥ ያልተነጫነጨ ሕፃን አልነበረም። ከዚያ በግቢያቸው መካከል በአራት ድንጋይ ላይ ዘረጉት፣ ጮማ እየቀቡ በእሳት አጠቆሩት፣ ሥጋ በሽንኩርት ጠበሱበት። የሰው ልጅ እስከዚያ ቀን ድረስ ጥሬ ሲበላ የኖረ መሰላቸው።

«ሊቀ ብረት» የሚለውን ስም ያወጣችላቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ካሳነሽ ናት። ያወጣችው በንዴት ነበር፤ ሰውየው ግን እንደ ሹመት ተቀበሉት።

ሹመት ደግሞ ሥርዓት አለው። ብረቱ አይታጠብም፤ ትኩስ እንዳለ ይፋቃል፣ በጮማ ይታሻል፣ ይከደናል። አንድ ጊዜ ምራታቸው ዱሬቲ፣ ምስኪን፣ ጉብዝናዋን ላሳይ ብላ በአመድና በአሸዋ ፈትጋ አጠበችው። ሊቀ ብረት ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። ጎረቤቱ ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ፤ እሳቸውም ተሳስታችኋል ሳይሉ፣ የዓመት ቅባት በአንድ ጠዋት መጥፋቱን እያወሩ ለቀስተኛውን ሁሉ በወጉ ተቀበሉ።

በገዛ ግቢያቸው ቢወሰኑ ማን ይናገራቸው ነበር። ችግሩ የሰው እሳት ሲያዩ ማለፍ አለመቻላቸው ነው። የጎረቤታቸው የቀጄላ ልጅ ክርስትና በተነሣ ዕለት ቀጄላ ጎድኑን በፍም ላይ ደርድሮ ሲጠብስ ሊቀ ብረት አጠገቡ ቆሙና ትምህርት ጀመሩ። ዝርግ ብረት መሐሉ ይግላል፣ ዳሩ ይለዝባል፤ የበሰለውን ወደ ዳር ትስባለህ፣ ያልበሰለውን ወደ መሐል ትገፋለህ፤ አዛዡ አንተ ነህ። በፍርግርግ ላይ ግን የሚያዝዘው እሳቱ ነው፤ አንተ ሎሌው ነህ። ትልቅ ሰው እየተናገረ ጀርባ ሰጥቶ ሥጋ ማገላበጥ ነውር ስለሆነ ቀጄላ እጁን አጣምሮ አዳመጠ። ትምህርቱ ሲያልቅ ጎድኑ ከሰል ሆኖ ነበር። ሊቀ ብረት ከሰሉን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «ይኸው፣ ነገርኩህ እኮ» አሉት።

የካሳነሽ መከራ ግን ከሁሉም ይብስ ነበር፤ እሷ ኑሮዋ ጥብስ ነው። በገበያ ቀን ከመንገዱ ዳር፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ፍሟን ታነጥፍና አባቷ ለአደን ሲሄዱ ይዘውት ይዞሩ የነበረውን የብረት ፍርግርግ ትጥድበታለች። ጎድኑ ዳር ዳሩ ጠቆር፣ ውስጡ ቀላ ብሎ፣ ጢሱን ጠጥቶ ሲወጣ ከቡራዩ በኩል እንጨት ጭኖ የሚመጣው ሁሉ አህያውን ያቆማል። ሊቀ ብረትም ይመጣሉ። ሊገዙ አይደለም። ከፍርግርጉ አጠገብ ቁጢጥ ይሉና ፍሙ ላይ የሚንጠባጠበውን ጮማ ይቆጥራሉ። ይህችኛዋ ጠብታ ለአንድ ልጅ ቁርስ ትበቃ ነበር፤ ያችኛዋ ሁለት ጉርሻ ታርስ ነበር። በመጨረሻም ገበያተኛው እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እሳት ምን ውለታ ዋለልሽና ነው ጮማ የምታጎርሺው?» ይላሉ።

ካሳነሽ ቃል አታጣም። ነበልባል ያላየ ሥጋ ቅቅል ነው፣ ቅቅል የሚፈልግ ድስት ይጣድ ትላቸዋለች፤ ገበያተኛው ይስቃል። ቤቷ ስትገባ ግን ንዴቱ ይከተላታል። እንዴት ያለ ነገር ነው? ለፍቶ አዳሪ ሴት በገዛ ፍሟ ፊት ጠብታ ይቆጠርባታል? ደግሞ ያን ብረት አንድ ጊዜ ቀምሳ ታውቀዋለች። በዱሬቲ ልመና አንድ ጉርሻ ዋጠች፤ ጮማው አንድም ሳይባክን ሽንኩርቱ ውስጥ ገብቶ፣ ሥጋው ለስልሶ፣ ከሥሩ ቡናማ ሆኖ የተያያዘው ተፍቆ ከዳቦ ጋር ሲመጣ ምን እንደሚመስል አየች። ጥሩ ነበር። ያን ዕለት ከቤቷ ስትደርስ ጾም እንደገደፈ ሰው አፏን ተጉመጠመጠች፤ ለማንም አልተነፈሰችም።

በዚህ መካከል ወንድሟ አሰፋ ተፈታ። ከየካቲቱ እልቂት ማግስት ጣልያኖች ወስደው ሶማሌ ምድር፣ ከባሕሩ ዳርቻ ካለ እስር ቤት ጥለውት ነበር፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ወሬው አልተሰማም። ካሳነሽ ለኪዳነ ምሕረት ተስላለች፤ ወንድሜን በሕይወት ካየሁ በገዛ እጄ ሥጋ አጎርሰዋለሁ፣ ጎረቤቴንም አበላለሁ ብላ። ለዚህ ቀን አንድ ሙክት ከጣልያን ሥጋ ገዢዎች ደብቃ እጓዳዋ ውስጥ ስታደልብ ኖራለች። አሰፋ በጥቅምት ወር ቆዳና አጥንት ሆኖ ሲገባ ስለቱን ለእሑድ ቀጠረች። በሌሊት የምታልመው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ የመጀመሪያውን ጎድን ከፍርግርጉ አንስታ ለእሱ ስትሰጠው፣ እሱም ሲበላ።

ሊቀ ብረት እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉ መጡ፤ ከአሰፋ ጎን ጥቂት ተቀምጠው ሄዱ። በማግስቱ ተመልሰው እሑድ ለት በዝርግ ብረት ይሁን አሏት። በሦስተኛውም ቀን፣ በአራተኛውም እንዲሁ። ሰው ከሞት ተርፎ ሲመጣ እንኳ ስለ ብረት ከማውራት የማይመለስ ፍጡር አየሁ እያለች ለሰፈሩ ሁሉ ከሰሰቻቸው።

እሑድ ጠዋት ብረቱን እንደ ቃሬዛ በአራት ሰው አሸክመው ከበሯ ደረሱ። ካሳነሽ ቢላዋዋን እንደያዘች ወጥታ መንገዱን ዘጋች።

«እንደምን አደርሽ፣ ካሳነሽ። የት ላሳርፈው?»

«ጋሼ ሰብስቤ፣ ዛሬ የስለቴ ቀን ነው። ዛሬን እንኳ ይማሩኝ።»

«ዛሬ ነው እንጂ የሚያስፈልግሽ።»

«እርስዎ ይግቡ፣ ቤትዎ ነው። ብረቱ ግን ደጃፌን አያልፍም።»

ብረቱ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። ሊቀ ብረትም ገብተው ከአሰፋ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ የሚገርመው፣ አንዲት ጠብታ አልቆጠሩም። ካሳነሽ ጎድኑን ጠበሰች። በሕይወቷ እንደዚያ አምሮላት አያውቅም፤ ሽታው ብቻ የተጠራውን አርባ እንግዳ ከመቀመጫው አስነሣው። የመጀመሪያውን ጎድን አንስታ ለወንድሟ ሰጠችው፤ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ።

አሰፋ ነከሰ። በአንድ ጉንጩ ያዘው፣ ወደ ሌላው አዞረው፣ ደግሞ መለሰው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ጣፋጭ ነው» አለና ሰው ያላየው ሲመስለው ከአፉ አውጥቶ ከጋቢው ሥር ሸጎጠው። ካሳነሽ አይታለች። እዚያ ያሉት ሴቶችም አይተዋል፤ አንዷ ሰውነቱ እህል አልፈልግ ብሏል ማለት ነው ስትል በሹክሹክታ ሰማች። ማገላበጫዋን እንደያዘች ቆመች። ያን ሁሉ ጊዜ የተሳለችለት ሰው በሕይወት መጥቶ ከእጇ አልበላላትም።

ሊቀ ብረት ተነሡ። ከአጥሩ ውጭ ላሉት ሰዎች በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ብረቱ ገባ፣ የካሳነሽ ፍርግርግ በአክብሮት ወደ ጎን ተነሣ፣ ብረቱ በፍሟ ላይ ተዘረጋ። ካሳነሽ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ያስቆማት የሰውየው ዝምታ ነው፤ ሊቀ ብረት ሥጋ ሲጠብሱ ዝም ሲሉ ታይተው አያውቁም። ሥጋውን ከጮማው ጋር አድቅቀው ከተፉት፣ ሽንኩርት አበዙበት፣ ቀስ አድርገው አማሰሉት፤ በወጣው ጮማ ላይ የፉርኖ ዳቦ ፈረፈሩ። በሳህን አድርገው ወስደው ከአሰፋ ፊት አኖሩና አብረውት መብላት ጀመሩ። ሁለቱ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው፣ ሳያኝኩ፣ በምላሳቸው ከላንቃቸው ጋር ደፍጠጥ እያደረጉ ይውጣሉ። አሰፋ ሳህኑን በጣቱ ጠረገ።

ካሳነሽ ከፊታቸው መጥታ ተንበረከከች። «አፍህን ክፈት» አለችው ወንድሟን።

ከፈተ። የፊት ጥርሶቹ አሉ፤ ከኋላቸው ባዶ ድድ ነው።

«እዚያ ድዳችን እያበጠ ይረግፍ ነበር» አላት። «ሥጋ ተስለሽ ስትጠብቂኝ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ወደ ሽማግሌው ዞረች። «እርስዎስ?»

«የኔ መንጋጋ ካለቀ አራት ዓመቱ ነው። ለመናገር የፊቶቹ ይበቃሉ።»

ካሳነሽ እንደዚያ ተናዳ አታውቅም። «ያን ሁሉ ዘመን ለፈለፉ፣ ጠብታ ቆጠሩብኝ፣ በገበያ ፊት አዋረዱኝ። ይህችን አንዲት ነገር ለመናገር ምን ያዘዎት?»

«ጥርስ የለኝም ብልማ ገንፎ ታቀርቡልኝ ነበር» አሉ። «እኔ ደግሞ የምወደው ሥጋ ነው። የመጣ ዕለት ቆሎ ስታቀርቢልን ወንድምሽ ወደ ኪሱ ሲጨምረው አየሁት። የኔም ኪስ ሙሉ ነበር።»

ይህን የሰሙት ወይዘሮ እሙ፣ በካሳነሽ ድግስ ሁሉ ጠግቤአለሁ እያሉ ሲሸኙ የኖሩት፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወደ ብረቱ ተጠጉ። ከኋላቸው የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ገብረአምላክ መጡ። ከዚያ ጎረቤቱ ገሜዳ አሮጊት እናቱን ደግፎ አመጣ። ካሳነሽ የሚመጡትን አየች፤ ሁሉም በድግሷ «የጠገቡት» ናቸው። ስንት ዓመት በእሳቷ ዙሪያ ተርበው ምርቃት ሰጥተዋት እንደሄዱ ገባትና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ቢላዋውን አንስታ የቀረውን ሥጋ እሷው ከተፈችው። ከብረቱ ሥር የተያያዘውን ፋቀች፣ በዳቦ ጠቀለለች፣ ለአሰፋ በገዛ እጇ አጎረሰችው፤ ስለቷ ደረሰ። ቀጣዩን ለሊቀ ብረት ይዛ ዞረች። እኚህ ነዝናዛ፣ ጨቅጫቃ፣ እድሜ የሰጣቸው ሽማግሌ ለካ ስትወዳቸው ኖራለች፤ ይህም ራሱ አናደዳት።

ጉርሻውን ዋጡና ወደ ብረቱ አዩ። «ሽንኩርቱን ትንሽ ወደ…»

ከፊተኛው የበለጠ ጉርሻ ቃሉን መለሰው። አፋቸው ሞልቶ መናገር ቢያቅታቸው በጣታቸው ወደ ብረቱ አመለከቱ። ካሳነሽ አጉረመረመች፤ ሽንኩርቱንም ወደ ዳር ሳበችው።